ፈረስ የሌለው ንጉሥ፦ ገንዘብ ያጠራቸው ኮሜዲዎች ለምን ይጥማሉ?

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ አንድ የእንግሊዞች ኮሜዲ አለ፤ «ሞንቲ ፓይተን ኤንድ ዘ ሆሊ ግሬይል» ይባላል። ንጉሥ አርተር አሽከሩን አስከትሎ አገር ያስሳል። ፈረስ ግን የለውም። ንጉሡ ልጓም የያዘ መስሎ እየዘለለ ይሄዳል፤ ከኋላው አሽከሩ ሁለት የኮኮናት ቅርፊት እያጋጨ የኮቴ ድምፅ ያወጣል። ነገሩ የመጣው ለፈረስ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ነው። የፊልሙ ሰዎች ይህን መደበቅ ይችሉ ነበር። ንጉሡን ከደረቱ በላይ ብቻ ቀርፀው የፈረስ ድምፅ ከኋላ ቢጨምሩበት ማንም አይጠይቃቸውም። እነሱ ግን ጉድለታቸውን አደባባይ አሰጡት። ገና ፊልሙ ሲጀምር የግንቡ ጠባቂ ንጉሡን ኮኮናቱን ከየት አመጣኸው ብሎ ይሞግተዋል። ሃምሳ ዓመት አልፎ እንኳ ሰው ከዚያ ፊልም መጀመሪያ የሚያስታውሰው ያንን ኮኮናት ነው።

(ጎንደር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ፈረስ ከደንቢያ ይመጣል። ኮኮናቱ ነው የሚቸግረው።)

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ኮሜዲ የማይቀርፅ ወጣት እየጠፋ ነው። ማራኪ ሂዱ፣ አዘዞ ሂዱ፣ ፒያሳ ቁሙ፤ አንዱ ስልክ ይዞ ሌላው ጋቢ ደርቦ «አንዴ እንደገና!» ሲባል ትሰማላችሁ። የሚወጣው ሥራ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ይጫናል። አንዳንዱ ሆድ አስይዞ ያስቃል። ብዙው ግን ይደብራል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስልክ፣ በአንድ ዓይነት ባዶ ኪስ የተሠሩ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

በእኔ እይታ መልሱ ቀላል ነው። የሚጥመው ድህነቱን ቀልድ ያደረገው ነው። የሚደብረው ድህነቱን ለመደበቅ የሚታገለው ነው።

የሚታገለውን በደንብ እናውቀዋለን። ዘመድ ለምኖ የተገኘ ቪላ አለ። ለግማሽ ቀን የተዋሱት መኪና አለ፤ እንዳይጫር ስለሚፈራ ሹፌር ሆኖ የሚተውነው የመኪናው ባለቤት ራሱ ነው። ሰፊ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰው ጥግ ለጥግ ተቀምጦ ይጯጯሃል፤ ድምፁ እንደ ጉድጓድ ይስተጋባል። ተዋናዩ ሀብታም ነጋዴ ነው ተብሎ ሱፍ ለብሷል፤ እጅጌው ግን አውራ ጣቱን ሸፍኖታል። ይህ ራሱ ጥሩ ቀልድ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ አላየውም። ተመልካቹ አይቶታል፣ ፊልሙ አላየውም። እዚህ ላይ ሳቁ በፊልሙ ላይ ይሆናል እንጂ ከፊልሙ ጋር አይሆንም። ቀልድ መሆኑ እንዳይረሳም ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ «ቷንግ» የሚል የካርቱን ድምፅ ይገባል። ቀልዱ ካሳቀ ድምፁ ለምን አስፈለገ? ካላሳቀስ ድምፁ ምን ያደርጋል?

አሁን ደግሞ ድህነቱን የተጫወተበትን እንይ። አሜሪካ ውስጥ ኬቨን ስሚዝ የሚባል ወጣት ኒው ጀርሲ ውስጥ አንዲት ሱቅ ተቀጥሮ ይሸጥ ነበር። ፊልም መሥራት ፈለገ። ያለው ቦታ ያቺ ሱቅ ብቻ ናት። ቀን ቀን ይሸጣል፣ ሌሊት ሌሊት እዚያው ይቀርፃል። ታሪኩ ግን የሚፈጸመው በጠራራ ፀሐይ ነው። የመስኮቱ ጨለማ ሊያጋልጠው ሆነ። ምን አደረገ? የሱቁ መዝጊያ ቁልፍ ውስጥ አንድ ባለጌ ማስቲካ ጠቅጥቆበት አልከፈት አለ የሚል ነገር ስክሪፕቱ ውስጥ ጻፈ። ሻጩ ደንበኛ እንዳይቀርበት አንሶላ ላይ በጫማ ቀለም «ክፍት ነን፣ እመኑኝ» የሚል ነገር ጽፎ ውጭ ይሰቅላል። «ክለርክስ» የተባለው ይህ ፊልም በ27,575 ዶላር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ያ አንሶላ ዛሬ የፊልሙ መለያ ነው። አዩት? የመብራት ችግር ነበር፤ ወደ ቀልድ ዞረ።

እስቲ ወደ እኛ ሰፈር እናምጣው። መብራት መጥፋቱን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። እንግዲህ ፀጉር ቤት ነው እንበል። ደንበኛው ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት ተቀምጧል። ማሽኑ ከግራ ጆሮው ተነስቶ እስከ መሐል አናቱ ላጭቷል። መብራት ጠፋ። ሰውየው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽማግሌ አስከትሎ ልጅ ሊጠይቅ ነው የሚሄደው። ፀጉር አስተካካዩ «ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» እያለ ሻይ ያዝለታል። ጎረቤት መቀስ ሊዋስ ይሄዳል፤ የመጣው የበግ መሸለቻ ነው። አንዱ ተራ ጠባቂ «ኮፍያ አድርግና ሂድ» ይለዋል። ሌላው «የአማች ቤት ኮፍያ አድርጎ ይገባል እንዴ!» ብሎ ይቆጣል። ክርክሩ ወደ ባህልና ነውር ይዞራል፤ ደንበኛው በግማሽ ጭንቅላት መሐል ተቀምጦ ግራ ቀኝ ያያል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሊወስዱት በር ላይ ደረሱ።

ይህን ለመቅረፅ ምን ያስፈልጋል? አንድ ክፍል፣ አራት አምስት ሰው፣ ጭንቅላቱን ለኪነ ጥበብ የሚሰዋ አንድ ልጅ። መብራት አያስፈልግም፤ መብራት አለመኖሩ ነው ታሪኩ። በአንድ ጊዜ ካልተቀረፀ ፀጉሩ እንደገና እስኪያድግ መጠበቅ ስለሚኖር ልምምዱ የግድ ጠንካራ ይሆናል። ይህም ራሱ ጥቅም ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ሃያ ጊዜ ይደግማል። ገንዘብ የሌለው ሰው ከመቅረፁ በፊት ያስባል።

ለዚህ አስተሳሰብ ጎንደር እንግዳ አይደለችም። የአዝማሪ አገር ናት። አዝማሪው የያዘው ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። መድረክ የለውም፤ በጠረጴዛዎች መሐል እየዞረ ነው የሚሠራው። ስክሪፕቱ ከበሩ የገባው እንግዳ ነው። ጫማውን ያያል፣ ሆዱን ያያል፣ አብራው የመጣችውን ያያል። ካፖርት ለብሶ የገባ ሰው እጁን ከኪሱ አላወጣ ካለ እንዲህ የመሰለ ነገር ሊወርድበት ይችላል፦

ካፖርቱ ሰፊ ነው፣ ከነኪሱ ያምራል፣
እጁ ገብቶ ቀረ፣ በዚያው ሰፍሮ ያድራል።

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እንግዳውም ይስቃል፤ ካልሳቀ ሁለተኛው ይብስበታል። ወዲያው እጅ ከኪስ ይወጣል፣ ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል። እዚህ ውስጥ አንድ ትልቅ የኮሜዲ ሥራ አለ። አዝማሪው ያጣውን አይደለም የሚቆጥረው። ፊቱ ያለውን ነው አንስቶ የሚጫወተው። የአለቃ ገብረ ሐናም ጨዋታ እንዲሁ ነው፤ አንዲት ሴትና አንድ አህያ መንገድ ላይ ከተገኙ ለአለቃ ይበቃሉ።

ታዲያ የአዝማሪ ልጆች ለምን ቪላ ፍለጋ ይንከራተታሉ? አንዱ ምክንያት አርአያው ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ሲኒማ ቤት የሞላው የአማርኛ ኮሜዲ ብዙው የአዲስ አበባ የፍቅር ኮሜዲ ነው። አፓርታማ፣ ካፌ፣ ቦሌ። ፊልም ማለት ይህ ነው ብሎ ያደገ ልጅ ካሜራ ሲይዝ ቦሌን ጎንደር ላይ ይፈልጋል። አያገኘውም። ያገኘውን አስመስሎ ይቀርፃል።

ሌላው ጉዳይ አነጋገር ነው፤ ይህ ትንሽ ያበግነኛል። በብዙ ፊልም ላይ የጎንደር ወይም የጎጃም ገበሬ የሚመጣው ለመሳቂያ ነው። ቁምጣ፣ ዱላ፣ ፎቅ አይቶ አፍ መክፈት። ተዋናዩ አነጋገሩን ከሰማ ሰው የሰማ ይመስላል፤ ግማሹ ጎንደር ግማሹ ከየትም ያልሆነ። ቀልዱ በሙሉ «ፋራ ነው» የሚል ነው። የሚገርመው፣ እዚሁ ጎንደር የሚሠሩ ልጆችም ያንኑ ይደግሙታል። አያቱን ጠዋት አነጋግሮ የወጣ ልጅ ካሜራ ፊት የአዲስ አበባ ተዋናይ የፈጠራትን አያት ይተውናል። እውነተኛዋ አያቱ ግን በጣም ታስቃለች። የምታስቀው ፎቅ አይታ ስለምትደነግጥ አይደለም። ጎረቤቷን በአንድ አረፍተ ነገር አሞግሳ በዚያው አረፍተ ነገር ስለምትቀብራት ነው። ይህ ጆሮ እንጂ ገንዘብ አይፈልግም።

ወደ ጎዳናው እንውጣ። ገንዘብ ያለው ፊልም መንገድ ያዘጋል፣ ጠባቂ ያቆማል፣ ለአላፊ አግዳሚው ከፍሎ ያስተውናል። እኛ ጋ መንገዱ አይዘጋም። ሁለት ተዋንያን ፒያሳ መሐል የውሸት ጠብ ቢጀምሩ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ገላጋይ ይደርሳል። ነጠላ ያጣፉ እናት «ተዉ እንጂ ልጆቼ፣ በማርያም!» ብለው መሐል ይገባሉ። አንድ ሰውዬ ዕቃውን አስቀምጦ አንዱን ልጅ ከወገቡ ይይዘዋል። ሊስትሮው ማን እንደጀመረ መመስከር ይፈልጋል። «ፊልም ነው እማማ» ቢባሉ ደግሞ ይብሳል። «ፊልምስ ቢሆን፣ ሰው ፊት ይሰዳደባል?»

ብዙ ዳይሬክተር እዚህ ላይ «ካት!» ብሎ ይናደዳል። ብልህ ግን ካሜራውን አይዘጋም። የማስታረቁ ሂደት ከጠቡ አሥር እጥፍ ያስቃል፤ በነፃም ነው የተገኘው። ሁለቱ ተዋንያን ታርቀው፣ ተሳስመው፣ ሻይ ተጋብዘው እስኪሄዱ ድረስ ከገፀ ባሕርያቸው ሳይወጡ መቆየት ከቻሉ፣ ትልቅ ስቱዲዮ ሊገዛው የማይችለው ነገር ስልካቸው ውስጥ ገባ ማለት ነው። በእርግጥ ካለቀ በኋላ ሄዶ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰው ፊቱን አልፈልግም ካለ አይወጣም። ይህ ለክርክር የሚቀርብ አይደለም።

ቤተ መንግሥቱስ? ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። እዚህ የሚሠራ ቪዲዮ ሁሉ በድሮን ግንቡ ላይ ዞሮ ካልጀመረ ያልተሠራ ይመስለዋል። ኮሜዲ ሲሆን እንኳ! ወደ እነዚያ እንግሊዞች ልመለስ። ፊልሙ ውስጥ ብዙ ግንብ ይታያል፤ አብዛኛው ግን ስኮትላንድ ያለ ዱን የሚባል አንድ ግንብ ነው፤ ከተለያየ በኩል እየቀረፁ የተለያየ አስመስለውታል። የንጉሡ ከተማ ካሜሎት ከሩቅ ስትታይ ባላባቶቹ ተራ በተራ ስሟን እየጠሩ ይደነቃሉ፤ አሽከሩ ቀስ ብሎ «ሞዴል እኮ ነው» ይላል። ዝም በል ይባላል። ለኮሜዲ ግንብ የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ ክብሩን ትንሽ ዝቅ የሚያደርግ ሰው አጠገቡ ሲቆም። ከግንቡ ይልቅ ግንቡ ሥር ያለው ሰው ነው የእኛ ታሪክ፤ ማንም ሳይጠይቀው አስጎብኚ ሆኖ የነገሥታቱን ስም እያፈራረቀ የሚያስረዳ፣ እንግዳው ሲጠራጠር «አባቴ ነው የነገረኝ» የሚል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይባል። ድሃ መሆንና ግዴለሽ መሆን አንድ አይደለም። ምስል ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሳል። ድምፅ ካልተሰማ ግን ቀልድ የለም። የቀልድ ነፍሱ የመጨረሻዋ ቃል ናት፤ እሷን ባጃጅ ከበላት የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ጎንደር ደግሞ ዝም አትልም። ባጃጁ አለ፣ የዳቦ ቤቱ ጄኔሬተር አለ፣ ከአርባ አራቱ ታቦት ከአንዱ የሚሰማ ድምፅ ማጉያ አለ። ብር ከተገኘ የመጀመሪያው ብር ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ ከሚይዘው ጂምባል በፊት ደረት ላይ ለሚሰካ ማይክ መዋል አለበት። ያም ከሌለ ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ ነጠላ ውስጥ ደብቆ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ሁለተኛው ኤዲቲንግ ነው። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ቀልድ ብዙ ጊዜ አራት ደቂቃ ነበር፤ ስድስቱ ሰው በር ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ ሰላምታ ሲለዋወጥ ያለቀ ነው። ሰላምታችን ረጅም ነው፣ ይገባኛል። ግን ሁሉም ፊልም ላይ «ልጆች ደህና ናቸው?» እስከሚባል አይጠበቅም።

ስህተትን ራሱ ታሪክ ያደረጉ ጃፓኖችም አሉ። «ዋን ካት ኦቭ ዘ ዴድ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 በ3 ሚሊዮን የን ገደማ ተሠራ፤ ለፊልም ይህ የሻይ ነው። የመጀመሪያው 37 ደቂቃ ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀረፀ የዞምቢ ፊልም ነው፤ ደግሞም መጥፎ ነው። ተዋናይ ንግግር ይጠፋበታል፣ ካሜራ መሬት ይወድቃል፣ ያለ ምክንያት ዝምታ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሊዘጋው ይችላል። ከዚያ ፊልሙ ወደ ኋላ ይመለስና እያንዳንዱ ስህተት ለምን እንደተፈጠረ ከካሜራ ጀርባ ሆኖ ያሳየናል። አሁን ያ ሁሉ ጉድለት አንድ በአንድ ቀልድ ሆኖ ይፈነዳል። በቶኪዮ በሁለት ትናንሽ ሲኒማ ቤቶች ጀምሮ ከወጪው ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ አስገባ።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ካምፓላ ነው። ዋካሊጋ በሚባል የድሃ ሰፈር ይስሐቅ ናብዋና ከጎረቤቶቹ ጋር የድብድብ ፊልም ይሠራል። መሣሪያው ከቁርጥራጭ ብረት የተበየደ ነው። ኮምፒውተሩን ከአሮጌ ዕቃ ራሱ ይገጣጥመዋል። «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ» የተባለው እ.ኤ.አ. የ2010 ፊልሙ ከ200 ዶላር የማይበልጥ ወጪ እንደፈጀ ይነገራል፤ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ በዓለም ዙሪያ ሰው አገኘ። ፊልሙ ላይ ከታሪኩ ውጭ ሆኖ የሚለፈልፍ አንድ ድምፅ አለ። ተመልካቹን ያሟሙቃል፣ ተዋናዩን ያበሽቃል፣ ድብድብ ሲዘገይ «ቆዩ ይመጣል» ይላል። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። አግዳሚው ላይ ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ልጅ አይጠፋም ነበር፤ «አሁን ይሄ ይሞታል» እያለ ቀድሞ የሚናገር፣ እየተሰደበ የማይተው። ኡጋንዳዎቹ ያንን ልጅ ከፊልሙ ጋር ቀዱት። እኛ አባረርነው።

ይህን ሁሉ ስል ድህነት ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። «ፍቅር ነው የሚያሠራን» የሚለው አባባል ተዋናይን በነፃ ለማሠራት ከዋለ ቆይቷል። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ትራንስፖርቷን ራሷ ትችላለች፤ ቪዲዮው ሲወጣ ስሟ እንኳ አይጻፍም። አሜሪካ ውስጥ «ናፖሊዮን ዳይናማይት» በ400 ሺህ ዶላር ገደማ ዳይሬክተሩ ሁለተኛ ደረጃ በተማረባት አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። መሪ ተዋናዩ መጀመሪያ የተከፈለው 1,000 ዶላር ነበር። ኋላ ተደራድሮ ተጨመረለት። የእኛ ልጅ በምን ወረቀት ይደራደራል? ሦስት ወዳጆች ቢሆኑም፣ ከቀረፃ በፊት «ገንዘብ ከመጣ እንዲህ እንካፈላለን» የሚል አንድ ገጽ መፈረም ወዳጅነትን ያቆያል።

የማሳያው ጉዳይም አለ። በዩቲዩብና በቲክቶክ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል በክልሉ ያሉ ልጆች በደንብ አይተውታል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። የሠሩትን የሚጭኑበት አልነበረም። ኔትወርኩ ሲመለስም ቪዲዮው ተቆርጦ፣ የሠሪው ስም ጠፍቶ፣ በሌላ ሰው ገጽ ላይ ይገኛል። በዚያ ላይ ኮሜዲ በስልክ ብቻውን ሲታይ ይቀዘቅዛል። ሰው ሰውን ያስቃል። አምስት ሰው የማያስቀው ቀልድ ስልሳ ሰው መሐል ቤት ያፈርሳል።

ጣልያን በሠራው ፒያሳ የቆየ የሲኒማ ሕንፃ አለ፤ ግን በትልቅ አዳራሽ መጀመር የግድ አይደለም። የሆቴል አዳራሽ፣ አዝማሪ ቤት በሥራ በሌለው ሰዓት፣ ሰፊ ግቢ ያለው ካፌ ይበቃል። እያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ የሆኑ ሦስት ፊልሞች አንድ ላይ ይታዩ፤ በመሐል አዝማሪ ይግባ፤ መግቢያው ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይራቅ። ሠሪዎቹ ከኋላ ቆመው ሰው የት እንደሳቀ፣ የት ስልኩን እንዳወጣ ይዩ። ሺህ ቪው ይህን አይነግራቸውም። ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ ለሠርግ ነው የሚያከራዩት። ሠርግ በሌለበት በዓቢይ ጾም ዕቃው ቦዝኖ ስለሚቀመጥ ዋጋ መከራከር ይቻላል። በጾም ኮሜዲ ይታያል ወይ የሚለውን ግን ከየንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ።